ሁለተኛው ፕላስተር

ይታዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። ደህና ቦታ እንዳለሽ የንስሐ አባታችን ቄስ አስማማው ደጋግመው ነግረውኛል፤ እኔም አምኛቸዋለሁ። ከተለያየን ዘጠኝ ወር አለፈን። መስቀል በዋለ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ራሴን ትንሽ አዞረኝ ብለሽ ጋደም አልሽ። እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ላስረክብ ቸኩዬ ነበርና ትንሽ ተኚበት፣ ይተውሻል አልኩሽ። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው። ሌላው ሰው ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚሰናበት አላውቅም፤ እኔ ይተውሻል ብዬ ነው የተለየሁሽ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ያኔ ያልጨረስነው ወሬ ነው ብለሽ ቁጠሪልኝ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርሽ። የአጥሩ በር ማጠፊያ በመጨረሻ ተሠርቷል። ሦስት ዓመት የነዘነዝሽኝን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨረስኩት፤ ስሠራው ለምን እንዲያ እንዳስቸገርኩሽ ለራሴም አልገባኝም። ወንድምሽ ከይጁቤ ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጤፍ ይዞ፣ ሁለቱንም ጊዜ እህል ሳይቀምስ ልሂድ ብሎ፣ ተጣልተን አስቀረሁት። ልጃችን ሕይወት ባሕር ዳር ሥራዋ ላይ ናት። ለመንፈቅሽ ልትመጣ ተነስታ መንገድ ተዘጋባትና በስልክ አለቀሰች፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ለቅሶዋን አልሰማሁትም። አሁን በየሁለት ቀኑ ትደውላለች። በላህ ወይ ትላለች፤ በላሁ እላለሁ። አንዳንዴ እውነቴን ነው።

ልብሶችሽን እንደ ወጉ በአርባሽ ሰጠን። ያን አረንጓዴ ሹራብሽን ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ሴቶቹ ቀድመው ከሚሰጠው ጋር ጠቅልለውት ኖሯል። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ገበያ መሀል አንዲት ሴት ለብሳው አየሁ። ድንች ስትመርጥ ቆሜ አየኋት፤ ስትሄድም ተከተልኳት። ምን ልላት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየችኝና አፍሬ ተመለስኩ። እጅጌው አጥሯታል።

እንግዲህ ከዚህ ቤት ያልወጣ ያንቺ ነገር ምን ቀረ ብትይ፣ ቫዮሊኑ ነው። እሱም ያንቺ አይደለም፤ የተውሶ ነው። ልጽፍልሽ የተነሳሁት ስለሱ ነው። ሳቂብኝ፣ ፈቅጄልሻለሁ፤ ቫዮሊን እየተማርኩ ነው።

አዎ፣ እኔው ነኝ። አንቺ ደጋኑን ባነሳሽ ቁጥር ከስፌት መኪናዬ ላይ ቀና ብዬ የድመቷን ጅራት ማን ረገጠው የምለው ሰውዬ። ስድሳ ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። ሲያረጁ አምባር ይዋጁ የሚለውን ተረት የሰፈሩ ሰው በተራ በተራ መጥቶ ነግሮኛል፤ አንዳንዱ ሁለት ጊዜ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ የቫዮሊን መምህርሽ ናትናኤል ቤት መጣ። ለቅሶ ሲደርስ የተቀመጠባት ወንበር ላይ ተቀመጠና ስለ ብርዱ አወራ፤ ስለ መብራት መጥፋት አወራ፤ ውኃ ጠጣ፤ እንደገና ስለ ብርዱ አወራ። ልጁ ጨዋ ስለሆነ አፉ አልታዘዝ ብሎት እንጂ ለምን እንደመጣ ገብቶኝ ነበር። የሙዚቃ ክፍሉ ያሉት አራት ቫዮሊን ብቻ ናቸው፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ አለ። ሕጉን ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ፦ በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ተማሪው ሰው ፊት ቆሞ ይጫወታል፤ የተጫወተ ቫዮሊኑን ለከርሞ ያቆያል፤ ያቃተው ለባለ ተራ ይሰጣል። አንቺ አምና ሜጀር የሚባለውን ስኬል ተጫውተሽ አቆይተሽዋል።

እኔ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ሳላስበው፣ በሷ ቦታ እኔ ልግባ አልኩት። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ በእትዬ ይታይሽ ቦታ ከገቡማ የእሳቸውን ፈተና ነው የሚፈተኑት፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሜጀሩንም ማይነሩንም ይጫወታል አለኝ። ይሁን አልኩ። እንዲህ አድርጌ ነው በአምስት ወር ሁለት ስኬል ላጠና የፈረምኩት። ሕይወት ስትሰማ፣ አባዬ ከአዲስ አበባ ሌላ ቫዮሊን እናስመጣልህ አለችኝ። ሌላው ያንቺ አገጭ አላረፈበትም፤ ምን ያደርግልኛል?

ስኬል ምን እንደሆነ ለኔ ገና አዲስ ነገር ነው። ስምንት ድምፅ አለ፤ ደረጃ እንደመውጣት አንድ በአንድ ትወጪዋለሽ፣ በዚያው ትወርጃለሽ፣ በቃ። ሜጀሩ ፊቱ የበራ ነው፤ ማይነሩ የከፋው ነው። ዋናው ልዩነታቸው ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ፣ የመጀመሪያዋ ያለ ጣት ስለምትወጣ ሁለተኛው ጣት ዘንድ ነው። በሜጀር ሁለተኛው ጣት ሄዶ ሦስተኛውን ጣት ተጠግቶ ይቆማል፤ በማይነር ወደ አንደኛው ጣት ይመለሳል። ከአንዲት ጣት እርምጃ የተነሳ ሰርግ ቤት የነበረው ለቅሶ ቤት ይሆናል። መምህር ናትናኤል ይህን ሲያሳየኝ፣ ለዚህ ነው እንዴ ዓመት ተኩል የተማርሽው ብዬ በሆዴ ቀልጃለሁ። ከዚያ ራሴ ሞከርኩት። በመጀመሪያው ወር የወጣው ድምፅ ያንቺን ድመት እንኳ የሚያስንቅ ነበር።

ደግሞ ሐዘን ቤት ነን። ሬዲዮውን ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ በገዛ እጇ በነጭ ጨርቅ ሸፍናዋለች፤ ሙት ዓመትሽ ሳይወጣ አይከፈትም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሜጀር ስኬል ስጀምር ሰዉ ምን እንዳለ አስቢው። መኳንንት ሚስቱን ቀብሮ ዓመት ሳይሞላው ዘፈን ጀመረ ተባለ። ወሬው እድር ደረሰ፤ ከእድር ቄስ አስማማው ዘንድ ደረሰ። መጡና፣ እስቲ ያንን ነገር ተጫወተው አሉኝ። እሳቸው በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ ዜማ ሲማሩ አንዷን መስመር አርባ ጊዜ እየደገሙ ያደጉ ሰው ናቸው። ሜጀሩን ወጣሁ፣ ወረድኩ። ጨርሼ ቀና ስል ጥርሱን ያመመው ሰው መስለዋል።

«ይኼ ዘፈን አይደለም» አሉ፤ «ዘፈን የሰማ ሰው ደስ ይለዋል። ይኼ ጥናት ነው፤ ጥናት አልተከለከለም። መስኮቱን ግን ዝጋ።»

እድሩም በዚሁ ተስማማ። ማይነሩን ስጀምር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀስ እያልኩ ስወጣና ስወርድ እትዬ ሙሉ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወይኔ ይታዬ እያለች እየጮኸች ገባች። ሳይረዳ የቆየ ዘመድ ከይጁቤ መጥቶ ለቅሶው እንደገና የተነሳ መስሏታል። እኔን ብቻዬን ቫዮሊን አገጬ ስር አድርጌ ስታየኝ ደርቃ ቀረች። ነገር ግን አንዴ ለለቅሶ ተነስታለችና ተቀምጣ አለቀሰችልሽ። እኔም አብሬያት ትንሽ አለቀስኩ። ስትወጣ፣ ይቺኛዋን መስኮቱን ከፍተህ ተጫወታት፣ ደግ ናት፤ ያቺን የሰርጓን ግን ዝጋባት አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሜጀር በዝግ መስኮት፣ ማይነር በክፍት መስኮት ሆኗል ሕጉ።

ይህን ሁሉ እንድትስቂ ነው የነገርኩሽ። አሁን የማያስቀውን ልንገርሽ።

ትምህርት በጀመርሽ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቫዮሊኑን፣ ወረቀትና ፕላስተር ይዘሽ ወደ ስፌት መኪናዬ መጣሽ። ጣት የሚያርፍበት ጥቁሩ እንጨት ላይ ሦስት ቀጭን የፕላስተር ምልክት ይለጠፋል፤ ጀማሪ ጣቱን የት እንደሚያኖር እንዲያይ። ልኩን መምህሩ ወረቀቱ ላይ ጽፎታል። ለካ ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፣ እሱ ይለካዋል ብለሽው ኖሯል። እኔም ኮራሁ። አዲሱን ሜትሬን አወጣሁ፤ መነጽሬን ጠረግሁ። ወረቀቱ ከአንደኛው እስከ ሁለተኛው ምልክት ሦስት ሴንቲ ከትንሽ፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ግን አንድ ተኩል ይላል። እኔ ይህን ሳይ ወጣቱ ተሳስቷል አልኩ። ይታዬ፣ አርባ ዓመት ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በአንድ መስመር ያሉ ሦስት ቁልፎች አንዱ ርቆ አንዱ ተጠግቶ ቢቆሙ እጄ እምቢ ይላል። እናም ሁለተኛውን ፕላስተር ከአንደኛውና ከሦስተኛው መሀል፣ እኩል፣ አንዲት ሚሊ ሳላዛንፍ ለጠፍኩት። ወረቀቱ እንዲህ አይልም እኮ አልሽኝ። ወረቀቱን ተይው፣ ዓይንሽ አያይም ወይ እንዴት እንዳማረ አልኩሽ። አየሽው። አዎ አምሯል ብለሽ ይዘሽው ሄድሽ።

እኔም ከጥር ጀምሮ ጣቴን እዚያው ፕላስተር ላይ እያሳረፍኩ አጠና ነበር። መምህር ናትናኤል ሜጀር ስጫወት ሁለተኛው ጣት ትንሽ ወደፊት ይላል። ማይነር ስጫወት ሁለተኛው ጣት ትንሽ ወደኋላ ይላል። እኔ ደግሞ በሁለቱም ምልክቱ ላይ ነኝ እላለሁ። ማይነሩን ከጀመርኩ በኋላ ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ። ሽማግሌን ተሳስተሃል ማለት ከብዶት ጣቴን ሲወቅስ ከረመ። በሰባተኛው ቅዳሜ እኔው ተናደድኩ። ይህን በሜትር የለካሁት እኔ ነኝ፤ አርባ ዓመት የለካሁ ሰው ነኝ፤ ስህተቱ ካንተ ጆሮ ነው አልኩት፤ ተማሪዎቹ ሁሉ እየሰሙ።

 ልጁ ሌሎቹን ወደ ውጭ ሰደዳቸውና ነገረኝ። ሁለተኛው ፕላስተር ያለቦታው ነው፤ ከሜጀሩም ከማይነሩም አይደለም፤ መሀል ላይ ነው። አንቺም ይህን የተለጠፈ ሳምንት ጀምሮ ታውቂ ነበር። ልንቀለው ሲልሽ እንቢ ብለሽዋል። ያልሽውን ቃል በቃል አስታውሶ ነገረኝ።

«ባለቤቴ ነው የለጠፈው። ሲለካ ፊቱን ብታየው አንተም አትነቅለውም ነበር። ተወው፣ እኔ ጣቴን አሳልፌ አኖራለሁ።»

ወደ ቤት የገባሁበትን መንገድ አላስታውስም። የቫዮሊኑ ሳጥን ውስጥ ያለውን ደብተርሽን እስከዚያ ቀን አልገለጥኩትም ነበር፤ የሰው ደብተር ነው ብዬ። ያን ቀን ገለጥኩት። በየገጹ ራስጌ በዚያ በአስተማሪ ጽሕፈትሽ፣ 2ኛ ጣት ከፕላስተሩ አልፎ ይላል። መጨረሻ አካባቢ ማይነሩን ስትጀምሪ፣ 2ኛ ጣት ፕላስተሩ ሳይደርስ ይላል። ከሁለቱም በታች ደግሞ፣ በቅንፍ፣ መኳንንት ካለ ፕላስተሩ ላይ ይላል።

ይቺኛዋን መጀመሪያ አልገባችኝም። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ገባችኝ። አንቺ ስታጠኚ እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ጣትሽን እያየሁ፣ ምልክቱ ላይ አድርጊው እንጂ፣ ለምን ለጠፍኩልሽ፣ እያልኩ እጮህ ነበር። አንቺም እሺ ትይና ጣትሽን መልሰሽ ፕላስተሩ ላይ ታደርጊው ነበር። ያኔ ድምፁ ይበላሻል። እኔም እስቃለሁ፤ የድመቷን ቀልድ አነሳለሁ። ስስቅበት የኖርኩት የገዛ እጄን ሥራ ነው። ያንቺን ድምፅ እኔ ቤት በሌለሁበት ሰዓት ግድግዳው ብቻ ነው የሰማው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። በቀብርሽ ቀን ሰው ስለነበር እንደ ሰው ነበር ያለቀስኩት፤ ያን ቀን ግን ማንም አልነበረም። ካለቀስኩ በኋላ ደግሞ ተናደድኩብሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን አንዲት ፕላስተር ተሳስቷል ማለት አቃተሽ? የሰፋሁት ሱሪ እግሩ ቢረዝም ደንበኛዬ ይመልስልኛል፤ እተረትረዋለሁ፤ አስተካክለዋለሁ፤ ማንም አይሞትም። ሥራዬ ይኸው ነው። አንቺ ግን አንድ ቀን መልሰሽልኝ አታውቂም። ከዚያ ሌላስ ምን ነገር አልፈሽልኛል ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ያን የሰፋሁልሽን ግራጫ ካፖርት አስታወስኩ። ግራ እጅጌውን ሁልጊዜ አጥፈሽ ነበር የምትለብሽው፤ እጄን እንዳይበርደኝ ነው ትይኝ ነበር። እጁን የበረደው ሰው እጅጌ ያወርዳል እንጂ ያጥፋል? እኔ ደግሞ አምኜ ዓመታት ኖርኩ።

ሁለት ሳምንት ቫዮሊኑን አልነካሁትም። የምናገረው ሰው አልነበረኝም፤ ለሕይወት በስልክ ብነግራት ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹ ብቻ ይደርሳትና ትደነግጣለች ብዬ ተውኩት። ግንቦት እያለቀ ነበር። መምህር ናትናኤል መጣና ፕላስተሩን ነቅለን በልኩ እንለጥፈው፣ ጊዜው አጥሯል አለኝ። እኔ እንቢ አልኩ። እሷ ዓመት ተኩል የጠበቀችውን ነገር ለፈተና ብዬ አልነቅለውም፤ እሷ በተማረችበት እማራለሁ አልኩት። አየኝና ቅንድቡን አነሳ።

ከዚያ ነው መማር የጀመርኩት። ዓይንሽ ምልክቱን እያየ ጣትሽ ምልክቱን እንዲያልፍ ማድረግ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነ ያልሞከረው አያውቀውም። ጣቴ ወደ ፕላስተሩ ይሮጣል፤ እኔ እመልሰዋለሁ። ሜጀር ሲሆን አሳልፈዋለሁ፤ ማይነር ሲሆን ሳይደርስ አስቀረዋለሁ። በቀን አንድ ሰዓት፣ ዩኒፎርም በሌለበት ቀን ሁለት። አንቺ ይህን ከትምህርት ቤት ደክመሽ መጥተሽ፣ እራት ሠርተሽ፣ የኔን ጩኸት ጨምረሽ ነው ያደረግሽው። ጣቴን ባሳለፍኩ ቁጥር አስብሽ ነበር፤ አንዳንዱን ቀን በፍቅር፣ አንዳንዱን ቀን በንዴት።

የፈተናው ቅዳሜ ዝናብ ነበር። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ እስኪያባራ ተቀምጠን ጠበቅን። ተፈታኙም ተመልካቹም ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ ከኔ በቀር ሁሉም የልጃችን እኩዮች ናቸው። ተራ ጠባቂዋም መጥታለች፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት ናት። እኔ ካቃተኝ ቫዮሊኑን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት፤ ለዚያ ሲባል ሻርፕ ይዛ መጥታለች፣ ከዝናቡ ልታለብሰው። አልቀየምኳትም። ሻርፑን ግን ደጋግሜ አየሁት።

ሜጀሩን ተጫወትኩ። ወጣሁም ወረድኩም። ማይነሩን ስጀምር ሦስተኛዋ ድምፅ ላይ ጣቴ ሄዶ ፕላስተሩ ላይ ቁጭ አለ። ያ ድምፅ ወጣ፤ ያ ድሮ የምስቅበት። ደጋኔን አነሳሁ። ማንም አልሳቀም። ሕጉ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቅዳል፤ መምህር ናትናኤልም በርጋታ ይድገሙት ጋሼ አለኝ። ዓይኔን ከፕላስተሩ ላይ አነሳሁና መስኮቱን አየሁ። ጣቴን ሳይደርስ አስቀረሁት። ድምፁ መጣ፤ የቀሩት አምስቱም ተከትለውት መጡ፤ ወረዱም። መጀመሪያ ያጨበጨበችው ተራ ጠባቂዋ ናት። ሻርፗን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። መምህሩ ስሜን ከስምሽ በታች ጻፈው፤ ቫዮሊኑ እስከ ከርሞ ሰኔ ከኛው ቤት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር፣ ቫዮሊኑን የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አጋደምኩት። ቅዳሜ ከገባሁ ጀምሮ ሳስብበት ነበር። አንቺ ስለኔ ብለሽ ተውሽው፤ ደግ አደረግሽ። እኔ ግን የገዛ ስህተቴን ስለ ራሴ ብዬ ልተወው አልችልም። የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ መንቀልም የኔ ሥራ ነው። የመምህሩን ወረቀት፣ ሜትሬን፣ አዲስ ፕላስተር አዘጋጀሁ። ፕላስተሩ በክሮቹ ስር ስለሚያልፍ መሀል ያሉትን ሁለት ክሮች አላላኋቸውና ወደ ጎን ገፋሁ። ስፌት በምተረትርባት ምላጭ ጫፉን አነሳሁት፤ ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሙጫውን በጨርቅ ጠርጌ ስጨርስ ሜትሬን ዘረጋሁ።

የሚለካ ነገር አልነበረም። ፕላስተሩ ከነበረበት አለፍ ብሎ፣ ክሮቹ ሸፍነውት በኖሩት ቦታ ላይ፣ ምስር የሚያህሉ ሁለት ነጠብጣቦች አሉ፤ በየክሩ ስር አንድ አንድ። ጥቁሩ ቀለም ለቆ የእንጨቱ ነጭ ወጥቷል። ዓመት ተኩል ጣትሽ ያረፈበት ነው። ለነገሩ ለካሁት፤ ወረቀቱ ካለው አንዲት ሚሊ አላዛነፈም። አዲሱን ፕላስተር ቆርጬ ይዤ ነበር፤ እላዩ ላይ ልለጥፈው አልቻልኩም። ጠቅልዬ ጣልኩት።

የማይነሩን ቦታም ፈለግሁ። እዚያ ምንም የለም። ያን የጀመርሽው ጳጉሜን ላይ ነበር፤ መስከረምን አልጨረስሽም። እንጨቱ ገና ጥቁር ነው፣ እንደ አዲስ።

ክሮቹን መልሼ ወጠርኩ። ሜጀሩን ስጫወት ጣቴን አንቺ ካሳረፍሽበት አኖራለሁ፤ እዚያ ላይ የምጨምረው ነገር የለም፣ አንቺ ጨርሰሽዋል። ማይነሩ ግን የኔ ነው፤ በየቀኑ፣ ሙት ዓመትሽ ከወጣም በኋላ፣ ተራ ጠባቂዋ ሻርፗን ይዛ በመጣችበት ሰኔ ሁሉ፣ ያ ጥቁር ነጭ እስኪሆን ድረስ።

ባልሽ መኳንንት